ምርጥ ምድጃ በኮሌጅ ወጥ ቤት፦ ግማሹ ማገዶ በእርግጥ ይተርፋል?

አንድ ኮሌጅ ለአካባቢ ጥበቃ ሲነሳ መጀመሪያ ችግኝ ይተክላል። መትከሉ መልካም ነው፤ በ2011 ዓ.ም. አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረ ወዲህ ጉድጓድ ያልተቆፈረበት ግቢ ማግኘት ያስቸግራል። ካፌው ጀርባ ሄዶ የማገዶውን ክምር ያየ ሰው ግን የግቢው ትልቁ የዛፍ ጉዳይ የት እንዳለ ወዲያው ይገባዋል። በአገራችን ቤቶች ለማብሰያ ከሚነደው ማገዶ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለእንጀራ ነው። የተማሪ ካፌ ደግሞ ይህንኑ ፍጆታ በመቶ ቤት ያባዛዋል። ስለዚህ እዚህ የምንገመግመው ለዚሁ ሥራ የሚገዛውን ዕቃ፣ «ምርጥ» የሚባለውን ከሲሚንቶ የሚሠራ የእንጀራ ምድጃ ነው። በመኖሪያ ቤት የለመድነው ምድጃ በየቀኑ ለሰዓታት ሲነድ፣ በብዙ እጅ ሲያዝ ሌላ ጠባይ ያሳያል።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። መብራት አስተማማኝ ባልሆነበት ኮሌጅ ሁሉ ይገዛ። ግማሽ ማገዶ ይቆጥባል የሚባለውም እውነት ነው። ያ ግማሽ የሚመጣው ግን ከሲሚንቶው ብቻ ሳይሆን ከጭቃው ምርጊት፣ ከእንጨቱ ድርቀትና ከጋጋሪዋ አያያዝም ጭምር ነው። እነዚህ ሦስቱ ከጎደሉ ኮሌጁ የገዛው በሲሚንቶ የተሠራ ጉልቻ ብቻ ይሆናል።

ዕቃው

ምርጥ ምድጃ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአገር ውስጥ የኢነርጂ ባለሙያዎች የተሠራ፣ በኋላም በጀርመኑ ጂቲዜድ፣ ዛሬ ጂአይዜድ በሚባለው ተቋም ድጋፍ በአነስተኛ አምራቾች እጅ በየክልሉ የተስፋፋ ነው። የሚሠራው ከሲሚንቶና ከፑሚስ ወይም ከሬድ አሽ ነው። ብሎኬት አምራቾች የሚያውቁት ይህ ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ ከተራ አሸዋ ይልቅ ሙቀትን ይዞ ያቆያል።

ምድጃው ስድስት ቁራጭ ነው። አራቱ ሲገጣጠሙ ክብ የእሳት ክፍል ይሆናሉ። ከእነዚህ አንዱ የእንጨት ማስገቢያ አፍ አለው፤ ትይዩው ላይ ጭስ የሚያልፍበት ክፍተት አለ። የቀሩት ሁለቱ ከኋላ ተቀጥለው የጭስ መውጫና የድስት ማስቀመጫ ይሠራሉ። ምጣዱ በክቡ ላይ ያርፋል፤ የሚስማማው 60 ሳንቲሜትር አካባቢ ስፋት ያለው የተለመደው ምጣድ ነው።

የሚቆጥብበት ምክንያት ውስብስብ አይደለም። በሦስት ጉልቻ ላይ ነበልባሉን ነፋስ ይወስደዋል፤ ከሙቀቱ ብዙው በምጣዱ ጎን አምልጦ የጋጋሪዋን እግርና የወጥ ቤቱን አየር ያሞቃል። በምርጥ ውስጥ ግድግዳው ነፋሱን ይከለክላል፣ የሚገባው አየር በአፉ ልክ ይመጠናል፣ ነበልባሉም ከምጣዱ ሥር ተዘርግቶ ካለፈ በኋላ በኋላው መውጫ በኩል ሲወጣ የተጣደ ውሃ ያሞቃል። ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፤ እንጨቱን ግን ይቀንሳል።

ገበያ ላይ ሁለት ውፍረት አለ፤ የቀድሞው ግድግዳ 6 ሳንቲሜትር፣ ቀጭኑ 4 ሳንቲሜትር ገደማ። ቀጭኑ በሲሚንቶ ቁጠባ የመጣ ሲሆን ለማጓጓዝ ይቀላል፣ ቶሎም ይሞቃል። በሳምንት ሁለት ቀን ለሚጋግር ቤት ቀጭኑ የተሻለ ነው። ለኮሌጅ ግን ወፍራሙን እንመርጣለን። ወፍራም ግድግዳ ራሱን ለማሞቅ መጀመሪያ ላይ ማገዶ ይበላል፤ ጋገራው አምስትና ስድስት ሰዓት ሲቀጥል ግን የበላውን ሙቀት ይመልሳል፣ እንጨት ሲገፋና ምጣድ ሲነሳ የሚደርስበትን ምትም ይችላል።

ስሌቱ

በካፌው 1,000 ተማሪ የሚመገብበትን ኮሌጅ እንውሰድ። ለአንድ ተማሪ በቀን ሁለት እንጀራ ቢደርሰው 2,000 እንጀራ ነው። አንዱ 350 ግራም ቢመዝን በድምሩ 700 ኪሎ። በሦስት ጉልቻ አንድ ኪሎ እንጀራ ለመጋገር በግምት አንድ ኪሎ ማገዶ ይነዳል፤ በአግባቡ በተተከለ ምርጥ ወደ ግማሽ ኪሎ ይወርዳል። ልዩነቱ በቀን 350 ኪሎ ነው፤ ካፌው በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 105 ቶን። ይህ የመነሻ ስሌት ስለሆነ እያንዳንዱ ኮሌጅ የራሱን እንጀራ ክብደትና የራሱን ማገዶ መዝኖ መተካት አለበት፤ አመዛዘኑን ወደ ታች እንመጣበታለን።

ይህን ቁጥር ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀይረው በሪፖርት ላይ የሚያወጡ ይኖራሉ። አንድ ኪሎ ፍጹም ደረቅ እንጨት ሙሉ በሙሉ ሲነድ 1.8 ኪሎ ገደማ ያወጣል። ከላይ ያለው 105 ቶን ከክብደቱ 20 በመቶው ውሃ ከሆነ፣ ደረቁ እንጨት 84 ቶን፣ ጋዙም 150 ቶን ገደማ ይሆናል። ነገር ግን ማገዶው ተቆርጦ መልሶ ከሚያቆጠቁጥ ባሕር ዛፍ የመጣ ከሆነ ያ ዛፍ ሲያድግ ጋዙን መልሶ ይወስዳል፤ ከተፈጥሮ ደን የመጣ ከሆነ ግን ደኑ ካልተተካ አይመለስም። ስለዚህ የእንጨቱን ምንጭ የማያውቅ ኮሌጅ የቆጠበውን ማገዶ በቶን ቢጽፍ ይበቃዋል፤ እሱ ሊከራከሩበት የማይቻል ቁጥር ነው።

የምድጃ ብዛትን በተመለከተ ብዙ ኮሌጆች ከሚያስፈልጋቸው በላይ ይገዛሉ። አንድ ምጣድ በደንብ ከሞቀ በኋላ በሰዓት 18 እንጀራ ያህል ይሰጣል። በስድስት ሰዓት 108 ነው፤ 2,000 ለማድረስ 19 ምጣድ ይጠየቃል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ምጣድ የመጀመሪያው እንጀራ ከመውጣቱ በፊት ለማሞቂያ ብቻ የሚበላው ማገዶ አለ። ጋገራውን በሁለት ፈረቃ ከፍሎ 10 ምጣድ ለ11 ሰዓት ማስኬድ 1,980 እንጀራ ይሰጣል፣ የማሞቂያውን ወጪ ደግሞ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ሁለተኛው ፈረቃ የሚረከበው የሞቀ ምጣድ፣ የሞቀ ግድግዳ ነው። በተጨማሪ ዕቃ ሳይሆን በሰዓት ድልድል ብቻ የሚገኝ ቁጠባ ስለሆነ የካፌ ኃላፊዎች መጀመሪያ ይህን እንዲያዩ አጥብቀን እንመክራለን።

አተካከል፦ ብዙው ጥፋት የሚፈጸምበት ቦታ

የቤቱ ምርጥ መሬት ላይ ይተከላል፣ ጋጋሪዋም በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። በቀን ከመቶ በላይ እንጀራ ለምታወጣ ሴት ይህ ለወገቧ ቅጣት ነው። በኮሌጅ ምድጃው ከጡብ ወይም ከድንጋይ በተሠራ መደብ ላይ ይነሳ፤ ምጣዱ ከወለሉ 80 ሳንቲሜትር ገደማ ከፍ ሲል ቆሞ መጋገር ይቻላል። በመደቡና በእሳቱ መካከል 5 ሳንቲሜትር ያህል አመድ ወይም ደረቅ አሸዋ ይነጠፍ፣ ካልሆነ ሙቀቱ ወደ ድንጋዩ ይሰርጋል። በሁለት ምድጃ መካከል ለሰፌድና ለሊጥ ዕቃ የሚሆን ከ60 እስከ 80 ሳንቲሜትር ይተው።

ቁራጮቹ ሲደረደሩ በውሃ ልክ መመዘን አለባቸው። ምጣዱ ካዘነበለ ሊጡ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል፤ ወፍራሙ ጎን ሳይበስል ይቀራል፣ ቀጭኑ ይደርቃል። ጋጋሪዋ ወፍራሙን ለማብሰል እሳት ትጨምራለች፣ ማገዶውም በዚያው ልክ ይጨምራል። የአናጢ ውሃ ልክ ይዞ አሥር ደቂቃ መድከም ለዓመታት የሚተርፍ ሥራ ነው።

መጋጠሚያዎቹ በጭቃ ይመረጉ፤ ጭድ የገባበት ጭቃ ይሻላል። በሲሚንቶ መድፈን የሚመርጡ ግንበኞች አሉ፤ አትፍቀዱ። ቁራጮቹ ሲሞቁ ይለጠጣሉ፣ ሲበርዱ ይሰበሰባሉ፤ ሲሚንቶ ይህን ስለማይችል ራሱ ይሰነጠቃል ወይም ቁራጩን ይሰነጥቃል። አንድ ቁራጭ ሲበላሽ ለይቶ ማውጣትም አይቻልም።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው ምጣዱ በግድግዳው ላይ የሚያርፍበት ዙሪያ ነው። ምጣድ በእጅ የሚሠራ ስለሆነ ፍጹም ክብ አይደለም፣ ከሥሩም ይጎብጣል። የጣት ውፍረት ያህል ክፍተት እንኳ ቢቀር ነበልባሉ ወደ ምጣዱ መሐል ከመሄድ ይልቅ በዚያ ይወጣል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ የእንጀራው አንድ ዳር ይጠቁራል፣ መሐሉ ዓይን አያወጣም፣ የግድግዳው ውጭም በጥላሸት መስመር ይታያል። ዙሪያው በጭቃ ይለሰን፣ በየሳምንቱም ይታደስ። ክፍተት መኖሩን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ምድጃው በርዶ ወጥ ቤቱ ሲጨልም ባትሪ አብርቶ በአፉ ማስገባት፤ ብርሃን የሚያሾልክ ቦታ ሁሉ ሙቀትም ያሾልካል። ምጣዱን በየቀኑ የሚያነሳ ወጥ ቤት ይህን ልስን ሊጠብቅ ስለማይችል ምጣዱ ባለበት ይጽዳ።

አዲስ ምድጃ ገና እንደመጣ ማንደድ ሌላው የተለመደ ስህተት ነው። ሲሚንቶ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ እየጠጣ መቆየት አለበት፣ ጥንካሬውን የሚይዘውም በ28 ቀን አካባቢ ነው። አምራቹ ትእዛዝ በዝቶበት በሳምንት ውስጥ ካስረከበ ኮሌጁ ራሱ ጥላ ሥር አስቀምጦ ውሃ እያጠጣ ያቆየው፤ ከዚያ ይድረቅ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት እሳቱ ጭራሮ ብቻ ይሁን፣ ግማሽ ሰዓት እየነደደ ይጥፋ። ውስጡ የቀረው ውሃ በአንድ ጊዜ ወደ እንፋሎት ከተለወጠ ግድግዳውን ይፈነቅለዋል፤ በመጀመሪያው ወር የሚሰነጠቁ ምድጃዎች ብዙዎቹ የሚሰነጠቁት በዚህ ነው።

እሳቱን ለማጥፋት ውሃ መድፋትም እንደዚሁ። የጋለ ግድግዳ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል። የተረፈው ፍልጥ ከአፉ ተስቦ ይውጣ፣ ፍሙ ክዳን ባለው የብረት በርሜል ውስጥ ይታፈን። በማግሥቱ ከሰል ሆኖ ይገኛል፤ ለሠራተኞቹ ቡና ይበቃል።

እንጨቱ

ኮሌጆች ማገዶ የሚገዙት በአይሱዙ ጭነት ወይም በሜትር ኩብ ነው። የምርጥ ምድጃ ጥቅም የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ ትኩስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። ያ ውሃ ተንኖ እስኪወጣ ድረስ እንጨቱ የሚሰጠውን ሙቀት ራሱ ይበላል። ግማሹ ውሃ የሆነ አሥር ኪሎ እንጨት የሚሰጠው ሙቀት፣ 20 በመቶ ውሃ ያለው አሥር ኪሎ ከሚሰጠው ከግማሽ ጥቂት ብቻ ይበልጣል። በሌላ አነጋገር ርጥብ እንጨት የሚያነድ ኮሌጅ ምድጃው የቆጠበለትን መልሶ ያቃጥለዋል፣ በላዩም ጭሱ ይብሳል። ምድጃው ቀድሞ የሚወቀሰው ስለሚታይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የግዢው ነው።

መፍትሔው የጨረታውን መስፈርት መለወጥ ነው። ውሉ ላይ የውሃው መጠን ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይጻፍ፣ ርክክቡም በክብደት ይሁን። ኮሌጅ ከሌላ ገዢ የሚለየው ላቦራቶሪ ስላለው ነው። ከጭነቱ ከላይ፣ ከመሐልና ከሥር ናሙና ተቆርጦ ይመዘን፤ በማድረቂያ ምድጃ ከ103 እስከ 105 ዲግሪ ሴልሺየስ 24 ሰዓት ይቆይ፤ እንደገና ይመዘን። የጠፋው ክብደት ለመጀመሪያው ተካፍሎ በመቶ ሲባዛ የውሃው መጠን ይወጣል። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አባላት ይህን በየጭነቱ ቢሠሩ ከብዙ ሰልፍና ፖስተር የበለጠ ለግቢው ይጠቅማሉ ብለን እናምናለን። አቅራቢው ናሙና እንደሚወሰድ ካወቀ የሚያመጣው እንጨት በሁለተኛው ጭነት ይለወጣል።

ደረቅ እንጨት በአካባቢው ካልተገኘ ኮሌጁ ራሱ ያድርቀው። ግንዱ እንዳለ ከተከመረ በዓመቱም አይደርቅም፤ መጀመሪያ መፈለጥ አለበት። ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ፍልጥ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ጎኑ ክፍት በሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ አየር እንዲያልፈው ሳሳ ብሎ ይደርደር። በጋው ላይ ሦስት ወር ያህል ቢቆይ ጥሩ ነው፤ ለክረምቱ የሚያስፈልገው ግን ሰኔ ሳይገባ ደርቆ መግባት አለበት። የደረቀ ፍልጥ ጫፉ ላይ እንደ ጨረር ከመሐል ወደ ዳር የሚሄድ ስንጥቅ ያሳያል፣ ሁለቱን ሲያጋጩት ይጮኻል፤ ርጥቡ ድም ይላል።

ውፍረቱ ለመድረቅ ብቻ አይደለም። የምርጥ አፍ ጠባብ ነው፤ ወፍራም ግንድ ሲገፋበት አየር ይዘጋል፣ እሳቱ ያጨሳል እንጂ አይነድም። ልምዱ የሌላት ጋጋሪ ይህን ስታይ ሌላ እንጨት ትጨምራለች፣ ይብሳል። አፉ ከግማሽ በላይ በእንጨት አይሞላ፤ ከላይ ያለው ክፍት ቦታ የአየሩ መግቢያ ነው። አመዱም በየቀኑ ጠዋት ይጠረግ፤ ሲከማች እሳቱን ወደ ምጣዱ በጣም ያስጠጋውና የመሐሉ እንጀራ ያርራል።

የኋላው የድስት ማስቀመጫም አያያዝ አለው። ሰፊ መቀመጫ ያለው ድስት በቀጥታ ከተጣደበት ጭሱ መውጫ ያጣና በአፉ በኩል ወደ ጋጋሪዋ ፊት ይመለሳል። ሦስት ትንንሽ ድንጋይ ወይም የብረት ቁራጭ አድርጎ ድስቱን የሁለት ጣት ያህል ማንሳት ይበቃል። በዚህ የሚሞቀው ውሃ ለአብሲትና ለዕቃ ማጠቢያ ስለሚሆን ለብቻው ሌላ እሳት አይነድበትም።

ጭሱ

እዚህ ላይ ምርጥ ምድጃን ከሚገባው በላይ አናወድስም። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ ጭሱ ይቀንሳል፤ አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው መመሪያ ለደቃቁ ብናኝ (ፒኤም 2.5) ያስቀመጠው ጣሪያ በ24 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 15 ማይክሮግራም ነው። ጭስ መውጫ ቱቦ በሌለው ክፍል አሥር ምርጥ ጎን ለጎን ሲነድ ወደዚያ መጠን መቅረብ የማይታሰብ ነው። በዚያ ጭስ ውስጥ የሚውሉት ደግሞ ደመወዛቸው ከግቢው ዝቅተኛ የሆነው ጋጋሪ ሴቶች ናቸው። ስለ አረንጓዴ ግቢ የሚያወራ ኮሌጅ የእነዚህን ሴቶች ዓይንና ሳንባ ከስሌቱ ውጭ ማድረግ የለበትም።

ስለዚህ በኮሌጅ ወጥ ቤት ምርጥ ያለ ጭስ ማውጫ አይተከል። ከኋላው መውጫ የሚነሳ የቆርቆሮ ቱቦ ከጣሪያው ጫፍ በላይ አልፎ ይውጣ፣ ዝናብ እንዳይገባም ቆብ ይደረግለት። ለእያንዳንዱ ምድጃ የራሱ ቱቦ ቢኖረው ሥራው ቀላል ነው። ብዙ ምድጃዎችን በአንድ የጡብ ማውጫ ማገናኘትም ይቻላል፤ ርካሽ ነው። ችግሩ ለማውጫው የቀረበው ምድጃ አየር አብዝቶ ይስባል፣ የሩቁ ያጨሳል። ለእያንዳንዱ መግቢያ የሚንሸራተት የብረት መዝጊያ ካልተሠራለትና ያልነደዱት ካልተዘጉ ስበቱ ይዳከማል። ከመጠን ያለፈ ስበትም ጥፋት ነው፤ ሙቀቱ ምጣዱን ሳያሞቅ በቱቦው ይወጣል። ምልክቱ ነበልባሉ ወደ ኋላ መተኛቱና የምጣዱ የፊት ክፍል መብረዱ ነው። ያን ጊዜ መዝጊያውን ከፊል መዝጋት። ጥላሸት ቱቦውን ስለሚያጠብ በወር አንድ ጊዜ ይጠረግ።

የማይችለው ሥራና መብራቱ

ወጥ በምርጥ አይሠራም። የኋላው ማስቀመጫ ለማንቆርቆሪያና ለመካከለኛ ድስት ነው፤ ለ1,000 ተማሪ የሚሆን ሽሮ የሚሠራበት በርሜል የሚያህል ድስት ግን ዙሪያውን በብረት ወይም በጡብ የሚከበብ የተቋም ምድጃ ያስፈልገዋል። ያ ለብቻው ይገዛ፣ በጀቱም ከመጀመሪያው አብሮ ይያዝ።

እንጀራውን ከውጭ አቅራቢ የሚረከቡ ትንንሽ የግል ኮሌጆች ምድጃ መግዛት አያስፈልጋቸውም። አቅራቢው በምን እንደሚጋግር ጠይቀው በውላቸው ላይ ማስገባት ይችላሉ።

ከኤሌክትሪክ ምጣድ ጋር ማወዳደር ግድ ነው። የአገራችን መብራት ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ኃይል ስለሚመነጭ፣ መብራት በማይቋረጥበት ግቢ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከማንኛውም የማገዶ ምድጃ ይቀድማል፤ ጭስም የለውም። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ በሰዓት 18 እንጀራ ቢያወጣ ለአንዱ 0.19 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይደርሳል። ጣጣው መስመሩ ላይ ነው። አንዱ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ በተራ ሶኬት ለሰዓታት ሲሠራ ሶኬቱ ይቀልጣል። ለእያንዳንዱ የራሱ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦና የራሱ ብሬከር ተስቦ፣ ምጣዶቹ በሦስቱ ፌዞች እኩል መከፋፈል አለባቸው። 19 ምጣድ በአንድ ጊዜ ሲበራ 66 ኪሎዋት ያልፋል፤ የግቢው ትራንስፎርመር ይህን ከዶርሙና ከላቦራቶሪው ጋር መሸከሙ አስቀድሞ በኤሌክትሪክ ባለሙያ ይታይ። በሸክላው ስንጥቅ የሚወርድ ሊጥ ሬዚስታንሱን ስለሚያቃጥለው የተሰነጠቀ ምጣድ ላይ አይጋገር።

መብራት በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን በሚጠፋበት ግቢ ደግሞ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ብዙ ወጥ ቤቶች መብራት ሲሄድ ወደ ሦስት ጉልቻ ይመለሳሉ፤ ለመጠባበቂያ ተብሎ የሚነደው ማገዶ ስለማይመዘገብ ማንም አያየውም። ከሚያስፈልገው ምጣድ ግማሽ ያህል ምርጥ ተተክሎ ዝግጁ ቢሆን ይህ ቀዳዳ ይደፈናል።

መዝኑ

ምድጃው በእርግጥ መቆጠቡን ለማወቅ የጋጋሪዎችን አስተያየት ብቻ መጠየቅ አይበቃም፤ ሚዛን ያስፈልጋል። ያው ጋጋሪ፣ ያው ሊጥ፣ ተመሳሳይ ስፋት ያለው ምጣድ፣ ያው ደረቅ እንጨት ይሁን። እንጨቱ አስቀድሞ ይመዘን። 30 እንጀራ ይጋገር፣ እንጀራው በሙሉ ይመዘን። ሲያልቅ ያልነደደው እንጨት ይመዘን፤ የቀረው ከሰልም ለብቻው ይመዘንና ክብደቱ በ1.5 ተባዝቶ ከነደደው እንጨት ይቀነስ፣ ምክንያቱም ከሰል ከእንጨት የበለጠ ሙቀት የያዘ፣ ገና ያልጠፋ ማገዶ ነው። የቀረው ኪሎ ለእንጀራው ኪሎ ይካፈል። በሦስት ጉልቻም በምርጥም ሦስት ሦስት ጊዜ ይደገም። የምርጡ ውጤት ከሦስት ጉልቻው ከ40 በመቶ በታች ብቻ ከቀነሰ፣ ምድጃውን ከመውቀስ በፊት የምጣዱን ዙሪያ ልስንና የእንጨቱን ውሃ ማየት ይሻላል፤ በአብዛኛው ከሁለቱ አንዱ ነው።

ወጪው በምን ያህል ቀን እንደሚመለስ ለማስላት የምድጃው፣ የመደቡና የቱቦው ዋጋ ተደምሮ፣ በቀን ለሚተርፈው ማገዶ ዋጋ ይካፈል። ሒሳቡ ሲሠራ ቱቦውን የሚረሱ አሉ፤ አንዳንዴ ከምድጃው ይበልጣል።

ሲገዛ

ቁራጮቹን አንድ በአንድ አንሥቶ ማየት ያስፈልጋል። በጣት ጥፍር ሲቧጠጥ የሚፈረፈር ከሆነ ሲሚንቶው ሳስቷል ወይም ውሃ ሳይጠጣ ደርቋል። አራቱን ግድግዳዎች ሱቁ ውስጥ ገጣጥሞ በመጋጠሚያው መሐል እርሳስ የሚያስገባ ክፍተት ካለ ቅርጽ ማውጫው ቆርቆሮ ጠሟል ማለት ነው፤ ያ ስብስብ ይመለስ። ምጣዶቹም ከአንድ ሠሪ፣ በአንድ ልክ ይታዘዙ፤ ሜትር ይዞ ምጣዱ የሚያርፍበትን የምድጃውን ክብ ለክቶ መሄድ ግድ ነው። ምጣዱ ጠቦ ከተገኘ በግድግዳው ላይ አያርፍም፣ ሰፍቶ ከተገኘ ዳሩ እሳት አያገኝም። በሚጫንበት ጊዜ ቁራጮቹ ተኝተው ሳይሆን ቆመው፣ በመካከላቸው ጭድ ወይም ጆንያ እየገባ ይደርደሩ፤ ማዕዘናቸው የሚሰበረው በመንገድ ላይ ነው። የኮንስትራክሽን ትምህርት ክፍል ያላቸው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ግን የቅርጽ ማውጫውን ገዝተው በተማሪ እጅ ሊያመርቱት ይችላሉ፤ ለሥልጠናውም ለወጥ ቤቱም ይሆናል።

ለአሥር ምድጃ የአንድ ምድጃ ሙሉ ቁራጭ ትርፍ ይገዛ፤ የእንጨት ማስገቢያ አፍ ያለው ቁራጭ ደግሞ ሁለት ይጨመር። በየዕለቱ እንጨት የሚያጋጨው፣ ውስጡ ግሎ ውጩ የሚበርደው እሱ ስለሆነ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው እሱ ነው። በጭቃ የተመረገ ምድጃ ላይ እሱን ለመቀየር የሚፈጀው ከሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ብቻ ነው፤ ጭቃው አድሮ ይደርቅና በማግሥቱ ጠዋት ይነዳል።